ኩንታሉን ማን ያንሳ፣ ማሽኑንስ ማን ያከራይ?

ክረምቱ ሳይገባ ማዳበሪያ ጭኖ ከጅቡቲ የሚነሳ ተሳቢ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ 400 ኩንታል ያህል ይዟል። ከረጢቱ ባለ 50 ኪሎ ነውና 800 ከረጢት ማለት ነው። ሁሉም በሰው ትከሻ ይወርዳል። ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ መጋዘን ወደ ማንኩሳና በዙሪያዋ ወዳሉት መሠረታዊ ማኅበራት ሲከፋፈል እንደገና በትከሻ ይጫናል፤ እዚያም ደርሶ በትከሻ ይራገፋል፤ ገበሬው በጋሪ ወይም በአህያ ሊወስደው ሲመጣ ደግሞ ያው ትከሻ ያወጣዋል። አንዱ ከረጢት ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ብቻ አራት ጊዜ ይነሳል። አገሪቱ ለ2017/18 የምርት ዘመን ለመግዛት ያቀደችው ማዳበሪያ ወደ 24 ሚሊዮን ኩንታል ነበር። ምዕራብ ጎጃም ደግሞ በቆሎ አብቃይ አካባቢ ነው፤ በቆሎ ደግሞ ያለ ማዳበሪያ ደህና ምርት አይሰጥም። በየዓመቱ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሸክም ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል።

በዚያው አስፋልት ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ሲደረስ ደግሞ ሌላ ዓይነት የመጋዘን ሥራ ተጀምሯል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከቡልቡላ፣ ከይርጋለምና ከባዕከር ጋር አገሪቱ በመጀመሪያው ዙር ከገነባቻቸው አራት ፓርኮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ቡሬ ላይ ፌቤላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደብሊው ኤ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቀዋል። ፌቤላ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ያኔ ተገልጿል። በጄሪካንና በካርቶን የታሸገ ይህን ያህል ዘይት በትከሻ ላውጣ ቢባል አይሆንም። ፓሌት በሚባለው የእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሮ፣ በፎርክሊፍት ተነስቶ፣ መኪና ላይ መቀመጥ አለበት። የአካባቢው ሰው ፎርክሊፍትን የዕለት ሥራ መሣሪያ አድርጎ ማየት የጀመረውም በእነዚህ ፋብሪካዎች ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በማንኩሳና በቡሬ መጋዘኖች መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የአሠራር ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ልዩነቱን ለማጥበብ ከሚነሱት ሐሳቦች ዋናው ኪራይ ነው። ፎርክሊፍት፣ ስታከር (ፓሌት ከፍ አድርጎ የሚደረድር፣ ከፎርክሊፍት ያነሰ ማሽን)፣ ፓሌት ጃክ ወይም ተንቀሳቃሽ ኮንቬየር ገዝቶ ለማቆም አቅሙ ያለው እዚህ ጥቂት ነው፤ በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ወራት የሚያስፈልገው ግን ብዙ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ማሽኑ ከአዲስ አበባ እየተጫነ የሚመጣና የሚመለስ እስከሆነ ድረስ ኪራዩ ለዚህ አካባቢ ገበሬም ሆነ ነጋዴ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ማሽኑ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ሲሠራ፣ ይዞ የሚያሠራውም ዛሬ ኩንታሉን በትከሻው የሚያወርደው የጫኝና አውራጅ ማኅበር ሲሆን ነው።

መጀመሪያ መግዛት ለምን እንደከበደ እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን ቀጠለ። 20 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማሽን ብንወስድ፣ በ57 ብር ስሌት 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ነበር። ዶላሩ 150 ብር ሲገባ ያው ማሽን 3 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ ያውም ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የአስመጪው ትርፍ ሳይታከል። ጎማውም፣ የሃይድሮሊክ ጎሚኒውም፣ ፊልትሮውም በዶላር ይመጣል። በዚህ ላይ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሪያ ተጥሎ ነበር። ጣሪያው በኋላ ደረጃ በደረጃ ከፍ ቢልም፣ ባንክ ያለውን ገንዘብ ለማን ላበድር ብሎ ሲመርጥ የወረዳ እህል ነጋዴና የገበሬዎች ማኅበር ከሰልፉ ኋላ ናቸው። መግዛት የማይችለው ሁሉ ፊቱን ወደ ኪራይ ማዞሩ የሚጠበቅ ነው።

ሕጉ ግን ቀድሞ ወጥቷል። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 807 ተሻሽሏል። አዋጁ ለአጭር ጊዜ ከሚደረገው ተራ ኪራይ ሌላ፣ ተከራዩ ዓመታት ከፍሎ በመጨረሻ ማሽኑን የራሱ የሚያደርግበትን መንገድም ይፈቅዳል። በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ማሽን በሊዝ ሲያቀርብ ተከራዩ 20 በመቶውን አዋጥቶ ቀሪውን 80 በመቶ ባንኩ የሚሸፍንበት አሠራር አለው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ኢትዮ ሊዝ የመጀመሪያው የውጭ ባለሀብት የካፒታል ዕቃ አከራይ ሆኖ ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከውጭ ምንዛሪ ጋር በተያያዘ ችግር ሥራውን አቆመ። በዶላር የተገዛን ማሽን በብር እያከራየ ዕዳውን በዶላር ሊከፍል የተነሳ ማንም ቢሆን ከዚሁ ችግር ጋር መጋፈጡ አይቀርም። ለዚህ ነው ከረጅም ጊዜ ሊዙ ይልቅ የዕለት ኪራዩ እየሰፋ የመጣው።

የዕለት ኪራዩ ውል ደግሞ የተጻፈው ለከተማ ነው። ማሽኑ በሰዓት ወይም በቀን ይከራያል፤ ኦፕሬተሩ ከአከራዩ ይመጣል፤ ነዳጁና የኦፕሬተሩ አበል በተከራዩ ነው፤ በየቀኑ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ (ታይም ሺት) ይፈረማል፤ ማሽኑ ሠራም አልሠራም የሚከፈልበት ዝቅተኛ ሰዓት አለ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይታሰባል። ለገላን ወይም ለቃሊቲ መጋዘን ይህ አይከብድም። ለቡሬ ሲሆን ግን ከሁሉ በፊት ማሽኑን የሚጭነው ሎቤድ ይመጣል፤ ፎርክሊፍት በራሱ ጎማ 400 ኪሎ ሜትር አይነዳም። የሎቤዱ የመሄጃም የመመለሻም ሒሳብ በተከራዩ ላይ ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶ ለሚወጣ፣ ናፍጣም በሊትር ከ100 ብር ላለፈበት ጊዜ፣ ይህ ወጪ ብቻውን የአንድ ሳምንት ኪራይን ሊበልጥ ይችላል። ማሽኑ አንድ የሃይድሮሊክ ቱቦ ቢበጠስበት መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ተከራዩም አከራዩም ይጎዳሉ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የዘለቀው ግጭት ደግሞ መንገዱን በተደጋጋሚ ዘግቶታል። መንገድ ተዘግቶ ማሽኑ ቡሬ ሲቀር ኪራዩ በማን ላይ እንደሚቆጠር በግልጽ ያልጻፈ ውል መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ውሉን በግልጽ እንጻፍ ሲባል ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው አከራይ ማሽኔን አልልክም ይላል። አከራይ በንብረቱ ላይ እንዲህ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ መፍትሔው ማሽኑ እዚሁ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ማሽኑ መጋዘን ውስጥ ገብቶ መሥራት ከቻለ ነው። ስለ ፎርክሊፍት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ወለሉን ይይ። ሦስት ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ባዶውን ከአራት ቶን በላይ ይመዝናል። ሁለት ቶን ሲያነሳ ድምሩ ከስድስት ቶን ያልፋል፤ ያም ክብደት ከሞላ ጎደል በሁለቱ የፊት ጎማዎች ሥር ባለች ጥቂት መዳፍ በምታህል ወለል ላይ ያርፋል። በድንጋይ ሙሌት ላይ በስሱ ልስን የተደረገበት የመሠረታዊ ማኅበር መጋዘን ይህንን አይችለውም። ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ ከነጭነቱ ያዘነብላል፤ ሰው የሚሞተውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በሩም ጠባብ ነው። ብዙዎቹ የቆርቆሮ መጋዘኖች ከመሬት ከፍ ብለው በደረጃ የሚወጣባቸው ናቸው፤ ለእግረኛ ተሸካሚ የተሠሩ ናቸውና። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም እንደሚገኘው የዳሞት ዩኒየን ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች በሚይዟቸው ሰፋፊ መጋዘኖች ፎርክሊፍት ሊገባ ይችል ይሆናል። ለቀበሌው መጋዘን ግን ትክክለኛው ማሽን ሌላ ነው።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ጆንያው ነው። ኪራዩን የሚያስተዋውቁ ሰዎች ፎርክሊፍት ሲመጣ ሸክም ይቀራል ብለው ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይደለም። 20 ከረጢት ማዳበሪያ በአንድ ፓሌት ላይ ቢደረደር አንድ ቶን ነው፤ 800ው ከረጢት 40 ፓሌት ይሆናል። ፎርክሊፍቱ ለአንዱ ምልልስ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ መኪናው በሁለት ሰዓት ባዶ ነው። ያ የሚሆነው ግን ማዳበሪያው ከጅቡቲ በፓሌት ተደርድሮ ከመጣ ነው። የእንጨት ፓሌት 25 ኪሎ ቢመዝን 40ው አንድ ቶን ይመዝናል፤ ባለመኪናው ደግሞ አሥር ኩንታል ጭነት ለእንጨት ብሎ አይተውም። ፓሌቱንም ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚመልስ የለም። ስለዚህ ከረጢቱ በልቅ ይመጣል፤ በልቅ ከመጣ ደግሞ አንድ ሰው ከመኪናው አንስቶ ፓሌቱ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ፎርክሊፍቱ ተሸካሚውን ከመንገዱና ከደረጃው ያሳርፈዋል እንጂ ከማንሳቱ አያድነውም።

የሥራው ክፉ ክፍል የትኛው እንደሆነ ግን አጠገቡ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። መኪናው ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ከረጢቱን ወደ ስፖንዳው ጫፍ ይገፋል። ከታች ያለው ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል፤ ከአናቱ እስከ ወገቡ የታጠፈ ባዶ ጆንያ አጥልቋል። ጭነቱ ሲያርፍበት ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል፤ ከዚያ በፈጣን እርምጃ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ቀስ ካለ ይበልጥ ይከብደዋል። በሩ ላይ ቆጣሪው በካርቶን ቁራጭ ላይ አምስት አምስት እያደረገ ይሰርዛል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሜዳ ነው። ከባዱ ውስጥ ነው። ክምሩ ከቁመት ሲያልፍ ከረጢቶቹ ራሳቸው መውጫ ደረጃ ሆነው ይደረደራሉ፤ ተሸካሚውም 50 ኪሎ ይዞ በሚንሸራተት ፕላስቲክ ላይ ይወጣል። በቆሎ ሲሆን ደግሞ ጆንያው 100 ኪሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁና በትከሻው እንዲያነሳ የሚፈቀደውን ጣሪያ 55 ኪሎ አድርጎታል። የእኛ ኩንታል የዚያ እጥፍ ገደማ ነው። ወገቡ የተጎዳ ጫኝ በዕለቱ ከማኅበሩ ሰልፍ ይወጣል እንጂ የሕክምና ወጪውን የሚከፍልለት የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው ደኅንነት እንዲጠነቀቅ ቢያስገድድም፣ ለማኅበር ሥራውን በቁርጥ የሰጠ ድርጅት ራሱን እንደ አሠሪ አያይም።

ለዚህ ነው ለማንኩሳ ዓይነት መጋዘን የኪራይ ገበያው በፎርክሊፍት ሳይሆን በተንቀሳቃሽ ኮንቬየርና በፓሌት ጃክ መጀመር አለበት የምለው። ኮንቬየሩ ጎማ ያለው፣ በትንሽ ሞተር የሚዞር ቀበቶ ነው። አንዱ ጫፉ መኪናው ላይ፣ ሌላው ጫፉ ክምሩ አናት ላይ ይደገፋል። ከረጢቱን አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ከላይ ይቀበላል፤ ማንም ሰው ተሸክሞ ክምር ላይ አይወጣም። ፓሌት ጃክ ደግሞ ሁለት ቶን ተኩል ድረስ በእጅ ፓምፕ አንስቶ የሚገፋ፣ ራሱ ከ80 ኪሎ የማይበልጥ ብረት ነው። ነዳጅ አይፈልግም፤ ወለሉን አይሰብርም፤ በፒክ አፕ ተጭኖ ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ቡሬ ይሄዳል። አከራዮች ስለነዚህ ብዙ አያወሩም፤ በቀን የሚያስገኙት ገንዘብ ትንሽ ነውና። ሆኖም በአንድ ወረዳ ውስጥ ከመጋዘን መጋዘን ሊዞር የሚችለው እንዲህ ያለው ቀላል መሣሪያ ነው። ፓሌቱን ደግሞ የአካባቢው አናጢ ሊሠራው ይችላል። ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ፤ በደንብ ካልደረቀ በምስማር ስለሚሰነጠቅ ቀድሞ ማድረቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ፎርክሊፍቱስ? ለቡሬ ይሆናል። እዚያም ቢሆን ጥያቄው ስንት ወር ይሠራል የሚለው ነው። የኪራይ ትርፍና ኪሳራ ያለው በቀን ዋጋው ላይ ሳይሆን ማሽኑ በዓመት ስንት ቀን ሥራ ላይ ዋለ በሚለው ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ያለውን የመጋዘን ወቅት እንከተል። በቆሎው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ወደ መጋዘንና ወደ ገበያ የሚጎርፈው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። በርበሬውም በዚያው ወቅት ይደርሳል፤ ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይይዛል፣ ተጭኖ ከተቀጠቀጠ ዋጋው ይወርዳል። ማዳበሪያው ደግሞ ከየካቲት እስከ ሰኔ ይመጣል። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም መጋዘኑ ጸጥ ይላል። አንድ እህል ነጋዴ ለብቻው ቢከራይ ወይም ቢገዛ ማሽኑ ከአራት ወር በላይ አይሠራለትም። ዩኒየኑ ለማዳበሪያ ብቻ ቢይዘውም ከአምስት ወር አያልፍም። ሁለቱ በአንድ ማሽን ቢገናኙ ግን ሥራው ሰባት ወር ይሆናል። የዘይት ፋብሪካዎቹና የፓርኩ ድርጅቶች ሲጨመሩበት ክረምቱም ጭምር ይሸፈናል፤ የዘይትና የታሸገ ምርት ወጪ ወቅት አይጠብቅምና።

እዚህ ላይ አከራዮች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ማሽኑን ከቡሬ አንስተው በመከር ወደ መተማና ወደ ጎንደር የሰሊጥ መጋዘኖች ለመላክ ያስባሉ። ሰሊጡ ግን በጥቅምትና በኅዳር ተሰብስቦ የሚጓጓዘው ከበቆሎው ጋር ተደራርቦ ነው። ሁለቱም አካባቢ ማሽኑን በአንድ ጊዜ ይፈልገዋል። አገር አቋርጦ ማሽን ማዟዟር የሚያዋጣው ወቅቶቹ ሲለያዩ ነው፤ የእኛ ወቅቶች ደግሞ አይለያዩም። ቡሬ ግን የመንገድ መገናኛ ናት፤ ወደ ባሕር ዳርም ወደ ነቀምትም ከዚያ ይወጣል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቅርንጫፍም እዚያ አለ። አየሁና ብር ሸለቆ ያሉት የኢትዮ አግሪ ሴፍት ሰፋፊ እርሻዎችም ቅርብ ናቸው። አንድ ማሽን ቡሬን ማዕከሉ አድርጎ በ50 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ቢሠራ ሎቤድ አገር አቋርጦ አይመጣም።

ሌላም የማሽን ምንጭ አለ፤ እስካሁን ብዙ አልታሰበበትም። የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች በጥሬ ዕቃ እጥረት ከአቅማቸው በታች እንደሚሠሩ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ፋብሪካ በግማሽ አቅሙ ሲሠራ የመጋዘን ማሽኑም በግማሽ ይሠራል። የተገዛ፣ ኦፕሬተር ያለው፣ ጥገና የሚደረግለት ማሽን አጥር ውስጥ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ከአጥሩ ውጭ ሰው በትከሻው ኩንታል ያወርዳል። ፋብሪካዎቹ ማሽኖቻቸውን ሥራ ባነሰባቸው ሳምንታት ለአካባቢው መጋዘኖች ቢያከራዩ አንድ ዶላር ሳይወጣ ገበያው ሊጀመር ይችላል። የኢንሹራንስ ውሉ ከግቢ ውጭ ላለ ሥራ እንዲያገለግል ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ያ የአንድ ስብሰባ ጉዳይ ነው።

በመጋዘን ማሽኖች ረገድ በዓለም ላይ ትልቁ ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ መዞሩ ነው። ትንንሾቹን የመጋዘን ማሽኖች ጨምሮ በዓለም ከሚታዘዙት ውስጥ ከግማሽ በላዩ በባትሪ የሚሠሩ ናቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ገጠር ይህ የማይሆን ይመስላል። ነገሩ ግን በባትሪው ዓይነት ይወሰናል። የድሮው የአሲድ ባትሪ ስምንት ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ መሞላት፣ ከዚያም መቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ በመሐል መብራት እየጠፋ ሳይሞላ ከቀረ ዕድሜው ያጥራል። የሊቲየም ባትሪ ግን በሁለት ሰዓት አካባቢ ይሞላል፤ በምሳ ሰዓት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ እየተባለ ቢሞላም አይጎዳም። መብራት ሲመጣ የመጣውን ያህል መውሰድ ይችላል። ናፍጣው በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት፣ የጭሱ ሽታም እህልና ዘይት ላይ በሚያርፍበት መጋዘን፣ በሊቲየም የሚሠራ ስታከር ለቡሬ ከናፍጣው ፎርክሊፍት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው፤ ኃይሉ ከዓባይ ወንዝ ዳር ተነስቶ በባለ ሦስት ፌዝ መስመር ማንኩሳ መጋዘን እንዲደርስ ግን የማከፋፈያው ሥራ ይቀራል። ባትሪው ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህም ራሱ ለኪራይ ተጨማሪ ምክንያት ነው። አንድ ማኅበር ለብቻው የማይገዛውን ባትሪ አከራዩ ለአምስት ደንበኛ ሊያካፍለው ይችላል።

አሁን ወደ ጫኝና አውራጆቹ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በየከተማው የተደራጁት ማኅበራት ለብዙ ወጣቶች ሌላ ሥራ በሌለበት እንጀራ ናቸው። ማሽን ገባ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያቸው እኛስ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነጋዴዎችና ባለመኪናዎች በበኩላቸው ማኅበራቱ በሠፈሩ ሌላ ሰው እንዳይጭን እየከለከሉ ዋጋ ይወስናሉ ብለው ያማርራሉ። ይህም ቅሬታ ባዶ አይደለም። ማሽኑ ከውጭ በመጣ አከራይ እጅ ገብቶ ማኅበሩን ከሥራ ካስወጣ ግን ፍልሚያው የሚሆነው መጋዘኑ በር ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም አያሸንፈውም።

ይህንን ጥያቄ ቀድመው የመለሱ አሉ። በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር በሃሪ ብሪጅስ መሪነት በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ1960፣ ከመርከብ ድርጅቶች ጋር ውል አሰረ። ሠራተኞቹ ማሽን እንዲገባ ፈቀዱ፤ ድርጅቶቹም በምትኩ በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለሠራተኞቹ የሥራ ዋስትናና ጡረታ ማዋጣት ጀመሩ። ማሽኑ የሚያስገኘው ቁጠባ ለሠራተኛውም ድርሻ አለው የሚል ስምምነት ነበር። የእኛ ማኅበራት ያን የመሰለ ሀብታም ተደራዳሪ ፊት ለፊታቸው የላቸውም። ነገር ግን ከዚያ የተሻለ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ማሽኑን ራሳቸው ሊይዙት ይችላሉ።

ሕጉም አይከለክልም። በሚንቀሳቀስ ንብረት ስለሚሰጥ የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን ራሱ መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ቤትና ቦታ የሌለው ማኅበር ዋስትና የለህም ተብሎ መመለስ የለበትም። በሊዝ ቢወስድ ደግሞ ዕዳው እስኪያልቅ ማሽኑ የአከራዩ ስለሆነ ሌላ መያዣ መጠየቁ ምክንያት የለውም። ማኅበሩ 20 በመቶውን ከአባላቱ ቁጠባ ያዋጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት አባላቱ በአካባቢው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥነው የማሽነሪ ኦፕሬተር ፈቃድ ያወጣሉ፤ የቀሩት ፓሌት ይደረድራሉ፣ ኮንቬየሩን ይቀባበላሉ። በኩንታል የሚያስከፍሉት እንደነበረው ይቀጥላል፤ በቀን የሚያራግፉት መኪና ግን ይጨምራል። መኪናው ቶሎ ሲወርድለት ባለመኪናው የቆመበትን ቀን ያተርፋል፤ ሁለት ቀን ተሰልፎ የሚጠብቅ ተሳቢ ስንት እንደሚያከስር እርሱ ያውቃል። ከዚያ ቁጠባ ላይ ጥቂት መክፈል አይከብደውም።

ማኅበሩ ማሽኑን ይዞ ሠፈሩንም ዘግቶ ከተቀመጠ ደግሞ ከትከሻው የባሰ ብቸኛ ነጋዴ ይሆናል። ስለዚህ የሊዝ ገንዘብ የሚሰጠው አካል ሁለት ነገር በውሉ ላይ ማስፈር አለበት፦ ዋጋው በመጋዘኑ በር ላይ ተለጥፎ እንዲታይ፣ ባለመጋዘኑም ሌላ አገልግሎት ሰጪ የመጥራት መብቱ እንዲጠበቅ። የሰዓት ቆጣሪው ንባብም በሁለቱም ወገን በየዕለቱ ይፈረምበት። ያልተፈረመ ታይም ሺት ለማሽን ኪራይ ክርክር በር ይከፍታል።

የመጀመሪያው ውል ትልቅ መሆን የለበትም። ዩኒየኑ፣ አንድ የጫኝና አውራጅ ማኅበርና አከራዩ ሦስቱ ይቀመጡ። ዩኒየኑ በማዳበሪያው ወቅት የተወሰነ ቶን ለማኅበሩ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ አከራዩ የሚፈልገው ዋስትና ይኸው ነው። ማሽኑ ደግሞ ለማንኩሳ ዓይነት መጋዘን አንድ ተንቀሳቃሽ ኮንቬየርና ጥቂት ፓሌት ጃክ ይሁን፤ ለቡሬው ሰፊ መጋዘን አንድ የሊቲየም ስታከር ይጨመር። መንገድ ሲዘጋ ኪራይ እንዳይቆጠር፣ ማሽን ሲበላሽም ከአራተኛው ቀን ጀምሮ አከራዩ ምትክ እንዲያቀርብ በቁጥር ይጻፍ። ፊርማው በጥር መጀመሪያ ቢደረግ ማሽኑ ሥራ የሚገባው የበቆሎው ፍሰት ገና ሳያበቃ፣ የመጀመሪያዎቹ የማዳበሪያ ተሳቢዎችም ፍኖተ ሰላም ሊደርሱ ሲሉ ነው።